ጭቃው እንግዳና የእናቴ አፍ

ቆቦ ከተማ ካለው ግቢያችን አንዷን ክፍል የተከራየው ህንዳዊ የመስኖ ፓምፕ ሊተክል የመጣ ባለሙያ ነበር። ለሃይማኖቱ ዓመታዊ በዓል የሚሆነውን አምላክ ግን ከአገሩ አላመጣም፤ ከወንዝ ዳር ጭቃ ዝቆ እዚሁ ሠራው። ራሱ የዝሆን፣ ቦርጩ የባለጸጋ። እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይሄስ ጾም የሚባል አያውቅም» አለች።

የበዓሉ ቀን በሩን ክፍት ስለተወው ሥርዓቱን ከደጅ ሆነን አየን። መጀመሪያ አምላኩን በጸሎት ጠርቶ ጭቃው ውስጥ አስገባው። ከዚያ መቀመጫ ሰጠው፣ እግሩን አጠበው፣ ቀይ ጨርቅ አለበሰው፣ አበባ አኖረለት፣ ደወል እያቃጨለ በንጥር ቅቤ መብራት አበራለት። እናቴን ያንገበገባት ቅቤው ነው። «እኛ ለሽሮ ያጣነውን!» እግር ማጠቡን ግን ወደደችለት። እሷም የመንገድ እንግዳ እግሩን ሳታጥብ አታሳድርም።

ጣጣው ምግቡ ላይ መጣ። ከሩዝ ዱቄትና ከስኳር የሠራውን ጣፋጭ ለአምላኩ ካቀረበ በኋላ፣ የተባረከውን ምግብ ሰው ካልበላለት በዓሉ በዓል አይሆንም። እዚህ ደግሞ አንድ ዘመድ የለው። እኛ ክርስቲያን፣ ጎረቤታችን እስላም፤ እርስ በርስ እንኳ አንዳችን ያረደውን ሌላችን የማንበላ ሰዎች ለጣዖት የቀረበ ልንበላ?

እናቴ መላ ያገኘች መሰላት። «ልጄ፣ ለሱ ሳታቀርብ በፊት ለኛ ስጠና!»

«አይሆንም እማማ» አለ ደንግጦ። «እሱ ሳይበላ ሰው አይቀምስም። እኔ ራሴ ስኳሩን አልቀመስኩም።»

እሱ ቀድሞ አይሰጥ፣ እኛ ኋላ አንበላ። ትሪውን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ ደግሶ ሰው የቀረበት ሰው ፊት ነበር፤ አንጀቴን በላው። እናቴም አላስቻላትም። «አብሽር፣ ባንበላም እንቀመጥልሃለን» ብላ ጫማዋን አውልቃ ገባች።

ተቀመጥን። አንዱን ጣፋጭ ቆረሰ። እኛ ቤት ሲበላ ሁሌ የምታጎርሰው እናቴ ነበረች፤ ወጉን ከሷ ተምሯልና ቁራሹን በቀኙ ይዞ፣ ግራውን ከሥር ደግፎ፣ ወደ አፏ ዘረጋ። የእናቴ አፍ ከሃይማኖቷ ቀድሞ ተከፈተ።

ዋጠችው። ነገሩ የገባት ከዋጠች በኋላ ነው። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፣ የጭቃውን ቦርጭ አየች፣ እኔን አየች። የንስሐ አባቷ ፊቷ ላይ ድቅን እንዳሉባት አውቄ ሳቄን አፈንኩ። ሰውየው ግን ያደረገው ገብቶት እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

እናቴ ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለችና እንደገና አፏን ከፈተች።