ሶላሩ እስኪመጣ

ባለቤቴ ስኳር እንዳለባት ያወቅነው ከሰባት ዓመት በፊት ነው። መርፌዋን የምትወጋው ራሷ ነበረች፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ። ሆዷን በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስትወጋ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም። ፊቴን የማዞረው እኔ ነኝ፤ እስከ መጨረሻውም አልለመድኩትም። መርፌው ግን ቀላሉ ነገር ነበር። ከባዱ መድኃኒቱን ሳይሞቅ ማቆየት ነው፤ ያውም በሱዳኗ ገዳሪፍ ውስጥ።

ሁለታችንም የመጣነው ከመተማ በኩል ነው። እኔ ሰሊጥ ለማጨድ፣ እሷ ለአጫጆቹ ለማብሰል። ለአንድ ወቅት ብለን ገብተን ሠላሳ ሁለት ዓመት ቆየን። ከከተማዋ ዳር አንዲት ግቢ አገኘን፤ ግድግዳዋ ጡብ፣ ጣሪያዋ ጭቃ። እንጨት ተጋድሞ፣ ሸንበቆ ተነጥፎ፣ ምንጣፍና ገለባ ተደርቦ፣ ከላዩ በእበት የተለወሰ ጭቃ የተመረገበት ነው። በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት እየወጣሁ እመርገዋለሁ። አንዳንድ ቀን አፈር ወጡ ላይ ይረግፋል። ቢሆንም ቀትር ላይ ከውጭ ሲገቡ ቤቱ ቀዝቀዝ ብሎ ይቀበላል።

የግቢውን ኒም ዛፍ የተከለችው እሷ ናት፤ በገባን ዓመት። ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ሳይቀር ለሱ ነበር የምትደፋው። ሲያድግ ግማሹን ግቢ አለበሰው። ጦርነቱ መጥቶ ከህረባው፣ መብራቱን ማለቴ ነው፣ ሦስት አራት ቀን እየጠፋ ትንሿ ፍሪጃችን የልብስ ማስቀመጫ ስትሆን፣ የባለቤቴ ሕይወት በዚያ ዛፍ ሥር ተንጠለጠለ። እዚያ ትልቁ የውሃ ጋን፣ ዚሩ፣ ይቆማል። መድኃኒቷን በላስቲክ ትጠቀልልና፣ በትንሽ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሳ ከዚሩ ጀርባ ታስቀምጠዋለች። ጨርቁ ሲደርቅ ታርሰዋለች። ሁለት በጋ በዚህ አለፍን።

የሶላሩን ነገር ያመጣችው ልጃችን ናት። ያለችን እሷ ብቻ ናት። አግብታ ፋው ከተማ ነው የምትኖረው፤ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። እዚሁ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ መሃል ዐረብኛ ይገባበታል።

«ባባ፣ ኸላስ፣ በቃ» አለችኝ ደውላ። «እማ በእርጥብ ጨርቅ እስከ መቼ ትኖራለች? ሶላር እናስገባላት። ሰሌዳውንና ባትሪውን እኔና ባሌ እንችላለን። አንተ ጣሪያውን ብቻ አዘጋጅ።»

ደስታዬን ምን ብዬ ልናገረው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍሪጇን ሦስት ጊዜ አጠብኳት።

ባለሙያው ከካርቱም የተፈናቀለ ሰው ነበር። እዚያ የኤሌክትሪክ ሥራ ያስተምር ነበር፤ እዚህ ከነቤተሰቡ ሰው ግቢ ተጠግቶ በየጣሪያው ሶላር ይሰቅላል። መጋቢት ማለቂያ ላይ መጥቶ ጣሪያችን ላይ ወጣና በተረከዙ መታ መታ አደረገው። ቤት ውስጥ አልጋው ላይ አፈር ወረደ።

«ያ ዓሚ፣ አጎቴ» አለኝ ከላይ ሆኖ፣ «ይኼ ሶላር ቀርቶ ድመት አይሸከምም።»

ወርዶ ከውስጥ በኩል እንጨቶቹን አሳየኝ። ካቻቢቴውን ሲጫነው እንደ ዳቦ ገባ። ምስጥ ውስጥ ውስጡን ጨርሶት፣ ለካ ስንት ዓመት ከቅርፊት ሥር ነው የተኛነው። ጭቃው ይነሳ፣ ብረት ይበየድ፣ ከላይ ቆርቆሮ ይመታ አለኝ። እሺ አልኩት። ከዚያ ወደ ግቢው ወጣና ቀና ብሎ ዛፉን አየ።

«ከሰዓት በኋላ የዚህ ጥላ የሚያርፈው ጣሪያው ላይ ነው።»

«ቅርንጫፉን ብመለምለውስ?»

«አንዱ ሰሌዳ ላይ ጥላ ካረፈ የሌሎቹም ኃይል ይወርዳል። ደግሞ ኒም ነው፤ ዘንድሮ ቢመለምሉት ከርሞ ይመለሳል።» ሻይውን ጠጥቶ ሲነሳ፣ «ዕቃው ከፖርት ሱዳን ተጭኗል። በሳምንት ውስጥ ይገባል፣ ኢንሻአላህ። በገባ ቀን ቤቱ ዝግጁ ካልሆነ ወደሚቀጥለው ሰው ነው የምሄደው፤ ወረፋው ብዙ ነው» አለኝ።

ባለቤቴ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ገባች።

ጣሪያውን ለማፍረስ አራት ቀን ፈጀብኝ። ጭቃውን በዶማ እየፈነቀልኩ፣ ገለባውን በጆንያ እያወረድኩ፣ ምንጣፉን እየጠቀለልኩ። እሷ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አስራ ከታች ትቀበለኛለች። «ሰው ቤቱን የሚያፈርሰው ለመሄድ ሲል ነው፤ እኛ ልንቀመጥ እናፈርሳለን» ብላ ሳቀች። በያጁ መጣ፣ ብረቱ ተተከለ፣ ቆርቆሮው ተመታ። ከመንገድ ሆኜ ሳየው አብለጨለጨብኝ። የሰው ቤት መሰለኝ።

የቀረው ዛፉ ነበር። መጥረቢያውን ስስል መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ለኔ ብለህ ከሆነ ተወው» አለችኝ።

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው?»

«እስቲ ሰሌዳው ይምጣ። መምጣቱን እንይና በማግስቱ ትቆርጠዋለህ።»

«ሰውየው ወረፋ አለብኝ ብሏል እኮ! ዝግጁ ካልሆንን ጥሎን ነው የሚሄደው። ለመሆኑ መዳን አትፈልጊም?»

ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። ድካሙም ነበረበት፣ ሙቀቱም። ልጃችንም ያን ቀን ጠዋት ደውላ ያንኑ ብላኛለች፤ «ባባ፣ ዛፉን አሁን አትንካው፤ መጀመሪያ ዕቃው ይድረስ።» ሁለቱ ተመካክረውብኛል ብዬ እልህ ያዘኝ። ለአንዲት ሴት ጤና ደፋ ቀና የምለው እኔ፣ ለዛፍ የሚከራከሩት እነሱ! እንዲህ ነበር የታየኝ።

ቆረጥኩት። ከጠዋት እስከ ቀትር ወሰደብኝ። ሲወድቅ ግቢው በአንዴ ነጣ፤ ዓይኔን አጭበረበረኝ። እሷ ከግድግዳው ጋር ተጠግታ ቆማ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን በሰፌድ መልቀም ጀመረች፤ ለወባ ትንኝ ጭስ ይሆናል ብላ። ዚሩንና ማሰሮዋን ወደ ቤት አስገባሁላት።

ሳምንቱ አለፈ፤ ዕቃው አልመጣም። ባለሙያው ጋ ስደውል መኪናው መንገድ ላይ ቆሟል ይለኛል። ቅዳሜ፣ ኢንሻአላህ። ቅዳሜ ሲያልፍ ማክሰኞ። የሱም ጥፋት አልነበረም፤ መንገዱ የሱ አይደለም።

የገዳሪፍን ሚያዝያ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጭቃው ጣሪያ ሥር ተቀምጠን የማናውቀውን ሙቀት ከቆርቆሮው ሥር አየነው። ረፋድ ላይ ይጀምርና በቀትር ቤቱ ምድጃ ይሆናል። ግቢ እንዳንወጣ ጥላ የለም። ከእንጨትና ከሰሌን ራኩባ ሠራሁላት፤ ጥላ ብጤ ለመሆን ያህል። በሁለተኛው ቀን የአቧራው ነፋስ ነቅሎ ጎረቤት ግቢ ጣለው። መልሼ አቆምኩት፣ መልሶ ጣለው። የዚሩ ውሃ ለብ አለ። ማሰሮዋን እጄን ከትቼ ስነካት እሷም ለብ ብላለች። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ማራስ ጀመርን።

ልጃችን ለፋሲካ መጣች። እናቷ ከስታ ነበር። ውሃ እየጠጣች አትረካም፤ በባልዲ ቢሰጧት የምትጨርስ ትመስል ነበር።

«ጥሙ ምንድነው እንዲህ?» ስላት ልጃችን ቀድማ መለሰች፤ «ሙቀቱ ነው ባባ፣ እኔስ መቼ ረካሁ? እማ፣ ጠጪ ዝም ብለሽ።»

እውነቷን መሰለኝ። ከተማው በሙሉ ተጠምቶ ነበር። የስኳሩን መጠን የምንለካበት ወረቀት ካለቀብን ቆይቷል፤ ሦስት ፋርማሲ ዞሬ አጥቻለሁ። መርፌዋን ግን አንድም ቀን አላጓደለችም። ጠርሙሷን ወደ ብርሃን አንስቼ አይቻታለሁ፤ መድኃኒቱ እንደ ድሮው ነው። መልኩ አልተለወጠም። ኃይሉ ማለቁን በዓይን ማየት እንደማይቻል ማን ነገረኝ?

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመራት። ትንፋሿ እየፈጠነ ሄደ። ከጎረቤት ባጃጅ ለምነን ሆስፒታል አደረስናት። ወጣቷ ሐኪም ጎንበስ ብላ አፏን አሸተተችና ቀና አለች።

«መድኃኒቱን የት ነበር የምታስቀምጡት?»

ነገርኳት። ዚሩን፣ ማሰሮዋን፣ ቆርቆሮውን። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። «ስትወጋ የከረመችው ውሃ ነው በሉት» ብላ ብቻ ወደ ሥራዋ ዞረች።

በክፍሉ ውስጥ በጄኔሬተር የሚዞር የጣሪያ ማራገቢያ ነበር። በደም ሥሯ የሚገባውን ፈሳሽ ሲሰኩላት ዓይኗን ገለጠችና ወደ ላይ አየችው።

«እፎይ» አለች። «እዚህስ ነፋስ አለ።»

ከዚያ ወዲያ የሚሰማ ነገር አልተናገረችም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አረፈች።

የአገራችን ሰዎች ከየእርሻው መጡ፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችንም ወንበርና ምንጣፍ ይዘው መጡ። ቄስ ተፈልጎ ተገኘ። ቀበርናት። ለቀስተኛው የሚቀመጥበት ጥላ ስላልነበረ ሸራ ተከራይተን በመንገዱ ላይ ወጠርን። አንዲት አሮጊት ጎረቤት፣ «ዛፋችሁ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሸራው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሰማት መሰለኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከበሩ ላይ መኪና ቆመ። ባለሙያው ነው፤ ሰሌዳዎቹን ጭኖ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ። አልሰማም ነበር። ምንጣፉንና ጥቁር የለበሰችውን ልጄን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አጠገቤ ተቀምጦ አለቀሰ፤ ካርቱም ላይ ማንን እንደቀበረ ያን ቀን ነው የነገረኝ። ከዚያ፣ «ያ ዓሚ፣ ልመልሰው። የሚፈልግ ሰው አላጣም» አለኝ።

«ስቀለው» አልኩት።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። ልጄ አየችኝና ፊቷን አዞረች። ሰውየው በዝግታ ሲሠራ ዋለ። ወደ ማታ ፍሪጇ ድምፅ ሰጠች፤ ውስጧ ባዶ ነበር። አሁን የሁለት ጎረቤቶቼ እናቶች መድኃኒት ይቀመጥባታል። ሲመጡ ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ?

አርባዋ በወጣ ማግስት ልጄ ወደ ፋው ልትመለስ ቦርሳዋን ስታስር፣ ሳልናገረው የከረምኩትን ተናገርኩት።

«ዛፉን አትቁረጥ ብለሽኝ ነበር።»

ዚፑን ይዛ ቆመች።

«አንድም ቀን አላነሳሽብኝም» አልኳት። «ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ባባ» አለች። «እኔስ ጥሙን ሙቀት ነው አላልኳትም? ሦስት ቀን አብሬያት ተኝቼ! ስኳር ያለባት ሴት ተጠማሁ ስትል ምን ማለት እንደሆነ አጥቼው ነው? አውቀው ነበር። ዝም ብለሽ ጠጪ አልኳት።»

«አንቺ ምን ታደርጊ? ልጅ ነሽ።»

«ሠላሳ ሊሆነኝ ነው እኮ።»

ላቅፋት ተነሳሁ፤ እሷ ግን ቦርሳውን አንስታ ነበርና እጄ ቦርሳው ላይ አረፈ። እስከ አውቶቡሱ ተሸከምኩላት። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እጇን አወጣችልኝ፤ ጨበጥኳት።

በየዓርቡ ትደውላለች። ስለ ባሏ፣ ስለ ገበያዋ፣ በላህ ወይ፣ በላሁ። ስለዚያ ወር ሁለታችንም አናነሳም። ባለፈው ዓርብ፣ «እዚያ ዝናብ ጀመረ?» አለችኝ።

«ይኸው እየጣለ ነው» አልኳት።

ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የዝናቡ ድምፅ ቤቱን ሞላው። የምትለኝ ነገር ነበር፤ አልተሰማኝም። «ምን አልሽ?» ብዬ ጮህኩ። መልሳ አንድ ነገር አለች። እሷም ሳትዘጋ፣ እኔም ሳልዘጋ፣ ስልኩን ጆሯችን ላይ እንደያዝን ቆየን።