የጋሽ የኔሰው ቦታ

ጋሽ የኔሰውን ድግስ መጥራት ፈተና ነው። በር ላይ ካለችው ዱካ ይቀመጡና «ወደ ላይ ይለፉ» ሲባሉ «ኧረ እዚህ ይበቃኛል፣ እኔ ማን ነኝና!» ይላሉ። ባለቤቱ ይለምናል፣ ሽማግሌዎች ተነሥተው ይጎትታሉ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል። ጉርሻ ሲዘረጋላቸውም «ለሌላው ይሁን» ብለው ይመልሳሉ። እሳቸው ዝቅ ባሉ ቁጥር ቤቱ ሙሉ የሚያወራው ስለ እሳቸው ነው። እኔን ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር፤ ግን በሰፈራችን በቀራንዮ ጋሽ የኔሰውን ያማ ሰው ራሱ ይታማል።

አየር ጤና ጎሚስታ ናቸው። ጎማ ሲፈቱና ሲለጥፉ ስለኖሩ የእጃቸው ጥቁረት ከእንግዲህ በሳሙና የሚለቅ አይደለም። ሰው አይሰድቡም፣ ለነዳያን ሳይሰጡ አያልፉም። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። እሑድ እሑድ ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ፤ ወደ ውስጥ ግን አይዘልቁም። በዝናብም በፀሐይም ከቅጥሩ በር አጠገብ፣ ከግንቡ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። «ለኔ ደጁም ይበዛብኛል» ይላሉ። ቦታው ካርታ የወጣለት ይመስል ሌላ ሰው አይቆምበትም። እናቶች ለልጆቻቸው በጣት እያሳዩ «እንደ ጋሽ የኔሰው ሁኑ» ይሏቸዋል።

የዚህ ሁሉ ትሕትና ሸክም የወደቀው ግን በሚስታቸው በእትዬ አጸደ ላይ ነው። ሁለቱ የተጋቡት በሰማንያ ውል ነው፤ ቆርበው አያውቁም። ባልና ሚስት ደግሞ የሚቆርቡት አብረው ነው፤ አንዱን ትቶ አንዱ አይሄድም። እትዬ አጸደ ልጆቻቸው ሳያድጉ ጀምረው ለምነዋል፤ ልጆቹ አድገው ወጡ፣ ልመናው ግን አላለቀም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ? በዚህ እጄ? አይገባኝም፣ አጸደ።» አይገባኝም ያለን ሰው ምን ብለሽ ትከራከሪዋለሽ? የሚጠጣ ባል ለሽማግሌ ይከሰሳል፣ የሚማታም ይከሰሳል። በትሕትና እምቢ ያለ ባል ለማን ይከሰሳል?

ዘንድሮ እትዬ አጸደ ልባቸውን ታመሙ። ቤቴል ካለ ክሊኒክ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተላኩና የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተቀጠሩ። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ የሚያወሩትን ሁሉ እሰማለሁ።

«ሳልቆርብ ልቤን ሊከፍቱት ነው?» አሉ አንድ ቀን።

«እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» አሏቸው ጋሽ የኔሰው።

«የኔንማ ሐኪሙም አይቶታል። የቸገረኝ ያንተ ነው።»

በማግስቱ ንስሐ አባታቸው መምሬ ወንድሙ ጸበል ሊረጩ መጡ፤ እኔም ልረጭ ገባሁ። ጋሽ የኔሰው እግራቸው ሥር ተንበረከኩ።

«አባቴ፣ ስግደት ይዘዙኝ፣ የፈቀዱትን ቀኖና ይስጡኝ። ለመቁረብ ግን አልበቃሁም። ቀራጩስ ከሩቅ ቆሞ አይደል የጸደቀው?»

«ቀራጩ ከሩቅ ሲቆም የሚያደንቀው ሰው አልነበረም» አሉ መምሬ። «አንተን ሰፈሩ ሁሉ ያደንቅሃል። መብቃቱ ደግሞ ያንተ ሥራ አይደለም፤ የሚያበቃ እሱ ነው። ስግደት አላዝህም፣ ስግደትማ ትወዳለህ። ቀኖናህ ይኸውልህ፤ ከነገ ጀምሮ ውስጥ ገብተህ ፊት ትቆማለህ።»

ጋሽ የኔሰው ፊታቸው አመድ መሰለ። «ፊት? ሰው ምን ይለኛል?»

ይህን ካሉ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ። ስለ እግዚአብሔር ነበር የሚጠየቁት፤ የፈሩት ግን ሰውን ነበር፤ ሁላችንም ሰማን። እትዬ አጸደ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በነጋታው ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ለፍልሰታ ቅዳሴ ስሄድ ጋሽ የኔሰው ጫማቸውን አውልቀው የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ሲወጡ አየኋቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ውስጥ አዩ፣ ወደ ኋላ አዩ፤ ከዚያ ጫማቸውን አንጠልጥለው ተመልሰው ግንባቸው ሥር ቆሙ። ተከትያቸው ሄድኩ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«እግሬ አልሄድ አለኝ፣ እሙ።»

በዚህ መካከል አንዲት ሴት ዣንጥላቸውን እንደያዙ ሲያልፉ አዩአቸውና «አቤት ትሕትና! በዚህ ዝናብ!» ብለው እጅ ነሡ። ስንት ዘመን ጋቢ ሆኖ ያሞቃቸው ሙገሳ ነው። ያን ቀን ግን እንደተሰደበ ሰው አንገታቸውን ደፉ። እንዳይገቡ ፈሩ፤ እንዳይቆሙ ቦታቸው እሾህ ሆነባቸው። ከነጠላቸው ሥር ሲያለቅሱ አየሁ፤ ያን ጊዜ ነው የወደድኳቸው።

«አጸደ የት ናት?» አሉኝ።

«ሴቶቹ ጋ። መቆም ስላቃታቸው ተቀምጠዋል።»

«ብቻዋን?»

«መቼ ብቻቸውን ያልሆኑበት ጊዜ አለ?» አልኩ፤ ምላሴ አያስችለውም።

ውኃ ከልብሳቸው እየተንጠባጠበ ደረጃውን ወጡ፣ ገቡ። ሕዝቡን እየሰነጠቁ ወደ ፊት ሲያልፉ አንድ ሽማግሌ «እኚህ ሰውዬ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ፊት ፊት ማለት?» ብለው አጉረመረሙ። ጋሽ የኔሰው ሰምተዋል፤ ትከሻቸው ሽምቅቅ ሲል አይቻለሁ። ቢሆንም አልተመለሱም። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ፊት ቆሙ፣ በየቀኑም ታሙ።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ሁለቱ አብረው ቆረቡ። ዕድሜያቸውን ጉርሻ ሲመልሱ የኖሩት ሰው ያን ጥቁር እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱ። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ከፊታችን ነበር፤ እትዬ አጸደ ግን ሐኪምም ቀጠሮም የረሱ ይመስሉ ነበር።

ስንወጣ እኚያ ዣንጥላ ይዘው የነበሩት ሴት በሩ ላይ አገኙን።

«ጋሽ የኔሰው፣ ሰሞኑን ቦታዎ ባዶ ሆነብን። አመመዎ እንዴ?»

ሁለቱም ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፤ የቆረበ ደግሞ ወዲያው አይናገርም። እትዬ አጸደ ወደ እኔ አዩ።

«አይ» አልኩ እኔ፣ «ድነው ነው።»