አባቴ እናቴን የካደበት መካነ መቃብር

እርጥብ ሣር ሲታጨድ የሚወጣው ሽታ ዛሬም መንገድ ያስቀይረኛል፤ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ልብሱ ይህንኑ ይሸት ነበር። ደርግን ሸሽተን በሰው አገር፣ ኢስትሊ በሚባል የስደተኞች ሰፈር በአንዲት ክፍል ስንኖር፣ እሱ በንጎንግ መንገድ ዳር ባለው የጦር መቃብር ሣር እያጨደ፣ በዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ የወደቁ ወታደሮችን የመቃብር ድንጋይ እያጠበ ያኖረን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ደረጀ ከእኛ ጋር አልነበረም፤ አባቴ «ትምህርቱን ይጨርስ» ብሎ አዲስ አበባ አጎቴ ዘንድ ትቶት መጥቷል። የአገሩ ትልቁ ዝናብ በመጋቢት በጀመረ ሰሞን፣ ደረጀ ለውትድርና ታፍሶ ሰሜን ግንባር እንደሞተ፣ አስከሬኑም እንዳልተገኘ የሚያረዳ ደብዳቤ ደረሰን። ከዚያ ወዲያ እናቴ የአባቴን ፊት ማየት ጠላች፤ እራቱን በእኔ እጅ እየላከች፣ እሱም አንዳንዴ ሳይነካው እየመለሰ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ባላንጣ ተፋጠው ይኖሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ግን ዝምታዋን ሰብራ፣ «ስም የሌለው መቃብር አለ ብለኸኝ ነበር፤ የልጄን ሸሚዝ ከአንዱ ሥር ቅበርልኝ» አለችው።

«የሰው መቃብር ነው» አላት፣ ጫማውን እያሰረ።

«የእኔስ ልጅ ሰው አይደለም? ጥለኸው የመጣኸው አንተ!»

የጫማውን ክር ቋጥሮ ወጣ።

የሐምሌ ብርድ ሲገባ ሸሚዙን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ እጄን እየጎተተች፣ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ አባቴ ወደሚሠራበት መቃብር ወሰደችኝ። ስም ያልተጻፈበት አንድ ድንጋይ አጠገብ ተንበርክካ አፈሩን በማንኪያ ስትቆፍር የአባቴ አለቃ ደረሰባትና ሸሚዙን ነጥቆ አባቴን ተጣራ፤ ይህች ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀው። አባቴ ብሩሹን እንደያዘ እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ «ሲምጁዊ» አለ። በስዋሂሊ አላውቃትም ማለቱ ነበር።

የግቢው ዘበኛ እየገፋ ሲያስወጣን እናቴ ዞር ብላ፣ «አንተንም የሚያውቅህ አፈር አይገኝ!» አለችው። እስክትሞት ድረስ ሌላ ቃል አልተናገረችውም።

ያኔ እኔም የእናቴ ወገን ነበርኩ፤ አባቴ ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞር ነበር። ዛሬ በዚሁ በሰው አገር ልጆች ሳሳድግ፣ ያን ቀን «ሚስቴ ናት» ቢል ኖሮ በማግስቱ እንጀራችን ይቆረጥ እንደነበር ይገባኛል። እሱ ከተቀበረ ግን ስንት ዓመቱ፣ መቃብሩን አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም።