ፀሐይ ያልነካት ነፍሰ ጡር

«ጅቡቲ ምን ቢጎድል ፀሐይ አይጎድልም» ይላሉ። ይጎድላል። እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ ዶ በሚባለው ሰፈራችን፣ በእህቴ ልጅ አጥንት ውስጥ ጎድሎ አይቻለሁ። ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ።

ልጅቷ ብሩክታዊት ትባላለች። የመጀመሪያ ልጇን እንዳረገዘች እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ፣ ወደ ቤቷ አምጥታ ዘጋችባት። ቤተሰባችን ከባቡሩ ዘመን ጀምሮ እዚህ ሲኖር ፈረንሳይኛውንም ሶማልኛውንም ለምዷል፤ ምችን መፍራት ግን አልተወም። ነፍሰ ጡርን ፀሐይ ካገኛት ምች ይመታታል ይባላል። ስለዚህ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ። መውጣት ግድ ከሆነ ታክሲው ደጃፍ ድረስ ይጠጋል፤ ልጅቷም በነጠላ ተጀቡና ትገባለች።

ሰባት ወር ሲሞላት ከበርጩማ መነሳት አቃታት። ጭኗንና ዳሌዋን ይወጋታል፤ ግድግዳ እየተደገፈች ነው የምትራመደው። አንድ ቀን እናቷ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ሆኜ ልጄን እንዴት ነው የማቅፈው?» አለችኝ።

እህቴ መልሱን ታውቀዋለች፤ ምች ነው። ከድሬዳዋ በጭነት መኪና ዳማከሴ አስመጥታ፣ የጭነት መኪኖች እስከሚቆሙበት ፔካ 12 ድረስ ሄዳ ከሾፌሩ እጅ ተቀበለች።

«ምች የሚያመጣው ፀሐይ ነው ትያለሽ። ይቺ ልጅ ፀሐይ ካየች ወራት ሆናት። በየት በኩል ገባባት?» አልኳት።

«አንተ መጽሐፍህን አንብብ። እኔ ሦስት ወልጃለሁ።»

ለዚህ መልስ የሚሆን መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

በማግስቱ ሁለቱንም ይዤ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። አዋላጇ ቀልደኛ ሶማሌ ናት። የብሩክታዊትን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን ስታደርገው ልጅቷ ጮኸች። ከዚያ በፈረንሳይኛ «ከቤት ትወጣለች?» ብላ ጠየቀች። አፌን ሳልከፍት እህቴ ቀደመችኝ።

«ጣቷን እንኳ ፀሐይ አልነካትም!» አለች በኩራት።

ተረጎምኩት። አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች። «የእኔም እናት እንደዚሁ ናት» አለችና ደም እንድትሰጥ ላከቻት።

ውጤቱ ሲመጣ የልጅቷ ቫይታሚን ዲ ወለል ነክቶ ተገኘ። የክሊኒኩ ሐኪም አጥንቷ የደከመው በዚህ ምክንያት ነው ብሎ በብልቃጥ የሚጠጣ መድኃኒትና ካልሲየም አዘዘላት። አዋላጇ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ፀሐይ ጨመረችበት።

«ምች ቢመታትስ?» አለች እህቴ።

«ከመጣ እኔ ጋ ላኪው» አለቻት አዋላጇ።

እህቴ የምትፈራውን ነገር ስትታዘዝ እንኳ አዛዥ ሆና ነው። ሰገነቱን በአንሶላ አጠረች፤ ልጇን መሃል አስቀመጠች፤ ራሷ ዳማከሴ በእጇ ይዛ ዘብ ቆመች። ምች ብቅ ካለ ልትመልሰው ነው። የማዶዋ ጎረቤት ከራሷ ሰገነት ላይ ሆና፣ «ዘነቡ፣ ልጅሽን እንደ በርበሬ አሰጣሻት?» ብላ ጮኸች።

«አንቺም ነይና ተሰጪ፤ ሻግተሻል!»

ብሩክታዊት ሆዷን ይዛ ስትስቅ ሰማኋት። ቤት ከተዘጋባት ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ፣ ምሳ ልንበላ ስንል፣ ማንንም ሳትደገፍ ከበርጩማው ብድግ አለች። እሷ ራሷ ደንግጣ መልሳ ተቀመጠች፤ ደግማ ተነሳች። እህቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ሴት ልጅ በሰላም ወለደች። የክርስትናዋ ዕለት ብሩክታዊት ልጇን አቅፋ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ስትወጣ ከኋላዋ ነበርኩ። ልያዝልሽ ብላት እምቢ አለችኝ።

እህቴ ዛሬም ለጠየቃት ሁሉ «ያዳናት ዳማከሴው ነው» ትላለች። ትበል። ልጅቷ ከዳነች ምስጋናውን ማንም ይውሰደው። እኔ የምጠይቀው እናንተን ነው፤ ቤታችሁ ነፍሰ ጡር ካለች ያን ብርድ ልብስ ከመስኮቱ አውርዱና ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ። ደሟን አስመርምሩ። ነገ አትበሉ።