ከሰል የምትቀባው ልጅ

ከደሴ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ የሦስት ዓመት ልጄን አዝላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። «ለስድስት ወር ነው» አልኳት። ሎስ አንጀለስ ደርሼ የጥገኝነት ኬዝ ከፈትኩ፤ ኬዙ ሳያልቅ ልጅ ማምጣትም፣ ተመልሶ ማየትም የለም። ይኸው አምስተኛ ዓመቴ።

እዚያው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ሰሃን ሳጥብ ቆይቼ፣ ጎረቤቱ ካልቨር ሲቲ ውስጥ አንዲት አሮጊት የመንከባከብ ሥራ አገኘሁ። ከሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ኪምበርሊ ከሚባል አገር ናቸው፤ ነጭ ሳይመጣ በፊት እዚያ ይኖር የነበረው ሕዝብ ልጅ። አሜሪካ ያመጣቸው ልጃቸው ነው። እሳቸው የአገራቸውን ሙቀት፣ እኔ የደሴውን የጦሳ ተራራ ብርድ እያወራን እንውላለን።

ክሊኒክ ስወስዳቸው ፎርም የምትሞላው ልጅ፣ «ከአፍሪካ ናቸው?» አለችኝ።

«ከአውስትራሊያ።»

«አውስትራሊያ ጥቁር አለ እንዴ?»

«ቀድመን የነበርነው እኛ ነን» አሉ አሮጊቷ። ልጅቷ ዘር በሚለው ሥር «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

ችግሬ ገላቸውን አልታጠብም ማለታቸው ነበር። ልጃቸው ደግሞ በየቀኑ፣ «ሻወር አደረገች?» ይለኛል። አንድ ጠዋት ውሃውን ስከፍት እጄን ያዙኝ።

«በአያቴ ዘመን ከብት አርቢዎች መጥተው ውሃ ያለበትን ቦታ ሁሉ ያዙ» አሉኝ። «ርቦት በሬ ያረደውን ሰው ፖሊሶች አንገቱን በሰንሰለት አስረው በእግሩ ይነዱታል። የአያቴ ወንድሞች እንደዚያ ሄደው ቀሩ። የእኔ አባት ነጭ ነው። መንግሥት ደግሞ እንደኔ ቀይ የሆኑትን ልጆች ከእናቶቻቸው እየነጠቀ ይለቅም ነበር። እናቴ ጥቁር እንድመስል ጠዋት ጠዋት ከሰልና ስብ ትቀባኛለች። ስድስት ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ሞቀኝና ወንዝ ገባሁ። ልጆች የሚለቅመው መኪና የመጣው ታጥቤ ስወጣ ነው።»

እናታቸውን ዳግም አላዩም።

«የስድስት ዓመት ልጅ ምን ጥፋት አለባት?» አልኳቸው።

«አንቺንስ ማን ወሰደሽ?»

«ማንም። ራሴ ነኝ የመጣሁት።»

እጄን ለቀቁኝ። ውሃውን ዘጋሁት።

ለልጃቸው ስነግረው ሰምቶት አያውቅም ነበር፤ ኪችን ውስጥ ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ በሞቀ ፎጣ ብቻ እጠርጋቸው ነበር። ጥር ላይ ሞቱ። «በእኛ ወግ የሞተ ሰው ስም አይጠራም» ብሎ ልጃቸው ስለነገረኝ ስማቸውን አልጻፍኩም።

ከቀብር እንደተመለስኩ ደሴ ደወልኩ። ልጄ አነሳችው። ድምፄን አልለየችውም።

«እማዬ ገበያ ሄዳለች» አለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ። «ማን ደወለ ልበላት?»

እማዬ የምትለው እናቴን ነው።