መስቀሉን የተረተሩት ጥልፍ ሰፊ

አያ ምስጋናው ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። በማግሥቱ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ተቀብረዋል። ለቅሶው ላይ ስለ እርሳቸው ጥቂት እንድናገር ስጠየቅ አንገቴን ደፋሁ፤ በሰው ፊት መናገር አልሆነልኝም። ስለዚህ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን ጻፍኩ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ሳጣ ንድፍ የሚሥል ሰው እንደሚፈልጉ ሰምቼ ወደ ሱቃቸው ገባሁ። በሐበሻ ቀሚስ ላይ የጥልፉን ንድፍ በእርሳስ እሥላለሁ፤ እርሳቸው በስፌት መኪና ይጠልፉታል። ውሎ አድሮ መጥለፉንም አስተማሩኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሱቁ ስትዘልቅ የክር ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ይንሳፈፋል፤ የመኪናው ድምፅም እንደ ሩቅ ዝናብ ይሰማል። ዛሬም ሳስባቸው የሚታዩኝ በዚያ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ግማሽ እውን፣ ግማሽ ሕልም ሆነው።

ያን ጊዜ አንገቴ ላይ ማተብ አልነበረም። አዲ አርቃይ አቅራቢያ ባለው መንደራችን፣ ከቅዳሴ ቀርቶ የማያውቅ አጎቴ ባሏ በሞተባት እናቴ ላይ በሐሰት ምሎ የእርሻዋን ድንበር ገፋ። በማግሥቱም ነጠላውን አጣፍቶ ከፊት ቆሞ ሲያስቀድስ አየሁት። ያመነ ሰው እንዲህ ከሆነ ማመን ምን ይጠቅማል ብዬ ማተቤን በጠስኩ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። አያ ምስጋናው ባዶ አንገቴን በየቀኑ ያያሉ፤ አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም።

አንድ ጊዜ ጨርቅ ነጋዴዋ እትዬ ሐዋ ልጃቸው ለኒካሕ የምትለብሰውን ቀሚስ አመጡልን። «ሐረግ ብቻ ይሁን» ብለው ነበር። እኔ ግን በሐሳብ ተወስጄ እጄ የለመደውን ሠራ፤ ሐረጉን ከአንገት እስከ ወገብ አወረድኩና ደረቱ ላይ በወርቃማ ክር ትልቅ መስቀል ጠለፍኩበት። ስህተቴን ያወቅሁት አያ ምስጋናው ቀሚሱን ሲዘረጉት ነው። ሠርጉ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የተማርሽው ይህን ነው?» አሉ፣ ሱቁን በሞላው ደንበኛ ፊት። «ዓይን የለሽም?»

እንደዚያ ተቆጥተው አያውቁም። እትዬ ሐዋ በደረሱ ጊዜ ግን እኔን አልጠቆሙም። «ጥፋቱ ከእኔ ሱቅ ወጥቷል፤ ለሠርጉ ይደርሳል» ብቻ አሉ። ምላጭ ጨርቁን እንዳይበላው በመርፌ ጫፍ አንድ አንዱን ክር ይተረትሩ ጀመር። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። በአጠገባችን ያለው ሰፊ በበሩ ብቅ ብሎ፣ «አያ ምስጋናው፣ በስተርጅና መስቀል አፍራሽ ሆኑ?» ሲል ቀለደባቸው።

«ዝም ብለህ ስፋ» አሉት ቀና ሳይሉ። «ጌታው ራሱ በር ያንኳኳል እንጂ ሰብሮ አይገባም። እኛ በሰው ልጅ ደረት ላይ በግድ እንስፋው?»

ቀሚሱ ባለቀበት ጠዋት ሱቁ እስኪሞላ ጠበቁ። ከዚያ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ እኔ መጡ።

«ልጄ፣ በሰው ፊት አዋርጄሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ» ብለው እጅ ነሡኝ።

«ኧረ በእመቤቴ፣ አያ! ይነሡ» ብዬ ትከሻቸውን ያዝኩ። ሽማግሌ ለልጅ ሲጎነበስ አይቼ አላውቅም። አጎቴ ለእናቴ አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም። እኚህ ሰውም እንደማንኛውም ሰው ይበድላሉ፤ ነገር ግን የሚመለሱበት ቤት አላቸው። ያን ቤት ማየት አማረኝ። በዚያ ሰንበት ከኋላቸው ሆኜ የቁስቋምን ዳገት ወጣሁ።

ከወራት በኋላ ከቅዳሴ ስንመለስ ድፍረት አገኘሁና፣ «አንገቴን እያዩ ምነው ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«ፊትሽን ነበር የማየው። ያዘነ ሰው አይቆጡትም፤ አብረውት ይቀመጣሉ።»

«እኔ የተመለስኩት እኮ እርስዎን አይቼ ነው።»

ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቆም አሉ። «ይኼስ ሸጋ አይደለም። አጎትሽን አይተሽ ሄድሽ፣ እኔን አይተሽ መጣሽ። ነገ እኔ ስወድቅ ወዴት ልትሄጂ ነው? የሰው ምግባር ደጁ ድረስ ያደርስ ይሆናል፤ የሚያድነው ግን ውስጥ ያለው ነው። እሱን እወቂው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናውን አቁመው ከወንጌል አንድ ምዕራፍ ያስነብቡኝ ነበር። ያልገባቸውን «አልገባኝም» ይላሉ፤ አሳብበው አያልፉም።

በቀብሩ ዕለት እትዬ ሐዋ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከሴቶች ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «እኔ በሃይማኖቴ ነኝ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ግን ስለ እናንተ ክፉ ሲወራ፣ ‹አንድ ሰው አውቃለሁ› እላለሁ።» አያ ምስጋናው ይህን ቢሰሙ ያፍሩ ነበር።

እኔን ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የመጣሁት እርሳቸውን አይቼ ከሆነ፣ አሁን ማንን አይቼ ልሄድ ነው? እምነቴ አብሯቸው ተቀብሮ ቢሆንስ? እሑድ ማለዳ ጉም ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ደጃፌ ላይ ብዙ ቆምኩ። ከዚያ ዳገቱን ብቻዬን ወጣሁ። ከፊቴ የሚሄድ ጀርባ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍም ግንብም አልታየኝም፤ የእግሬን ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር። ቅዳሴው ላይ ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ሲል፣ በእርሳቸው ድምፅ ተሸፍኖ የኖረው የእኔ ድምፅ ቀጥኖ ተሰማኝ። ቀጭን ነው፤ ግን አልተቋረጠም።

አያ ምስጋናው፣ ሁልጊዜ የሚፈሩልኝ ነገር ስለነበር ይህን ልንገርዎት። ባለፈው እሑድ እርስዎ አልነበሩም፤ እኔ ግን ሄድኩ። እወቂው ያሉኝ እርሱም እዚያ ነበር። ስለ እኔ አያስቡ፤ በሰላም ይረፉ አባቴ።