ማሊያ ረሳ የተባለው አሰልጣኝ

ውሸት ነው ብዬ ስልኬን ዘጋሁት። መልሼ ከፈትኩት። ጋሽ ሰይድ አረፉ ይላል፣ የሻማ ፎቶ ተለጥፎበት። ማንጎ እየመዘንኩ ነው ያየሁት። ደንበኛዬ ምን ሆንሽ ትለኛለች፣ እኔ ማንጎውን ከሚዛኑ መልሼ አወረድኩ።

ሰው መርዶ እንዲህ ይሰማል? ለዚያውም የእሳቸውን? ደግሞ ለሙስሊም ሰው ሻማ ምንድነው?

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ሰይድ የዚያች ትንሽ የሮቢት ኮሌጃችን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ኮሌጁ ሲከፈት ወንበር የለ፣ መስኮት የለ፣ የጎሉ እንጨት እንኳን ተማግዷል። ልጆቹ ገሚሱ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ገሚሱ ወንድሙን ቀብሯል። ማን ኳስ ያምረዋል? እሳቸው ባህር ዛፍ አስቆርጠው ጎል ተከሉና በሉ ግቡ አሏቸው። ልጆቹ ሲጣደፉ "ኳሱን አሳርፉት፣ እሱም ደክሞታል" ይሉ ነበር።

አሳረፉትም። ከደጋ የሚወርደው ቡድን ሁሉ የሮቢት ፀሐይ አናቱን ሲለው ውሃ ውሃ ይላል፣ የኛዎቹ ቀስ ብለው ያገቡበታል። አስጨፋሪዋ እኔ ነበርኩ፣ ድምፄን ታውቁታላችሁ። ያን ዓመት ይህ ከተማ የሳቀው በእነሱ ነው። ለፍጻሜ ደረስን።

ፍጻሜው ደብረ ሲና ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ለልጆቹ ብርቱካን ይዤ ተቀምጫለሁ። ዳገቱን ስንጀምር የጋሽ ሰይድ ስልክ ጠራ። ሰሙና ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ። የበረኛችን የከድር እናት ከሮቢት ወዲያ ካራቆሬ አርፈዋል። ከድር ኋላ ወንበር ላይ እየጨፈረ ነው።

አጠገባቸው የኮሌጁ ተወካይ አለ። እኔ እስክሰማ በጆሯቸው ይለምናቸው ጀመር። መርዶ እንደሆነ ይቆያል፣ ይጫወትና ማታ ይነገረው አለ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ትቀበራለች፣ ማታ ምን ሊያገኝ ነው አሉት። እንግዲያው በሚኒባስ እንላከው፣ ተጠባባቂ በረኛ አለን አለ።

"ብቻውን መንገድ ላይ ላውርደው? ሲወርድ ያውቀዋል እኮ።"

ከዚያ ተነስተው ወደ ልጆቹ ዞሩ። "ማሊያውን ረስቼዋለሁ። እንመለስ።"

ማሊያው በማዳበሪያ ታስሮ እኔ እግር ሥር ነበር። በነጠላዬ ሸፈንኩት። ልጆቹ ተንጫጩ። አንዱ፣ ጋሼ ጭንቅላትዎንስ ይዘዋል ወይ አላቸው። ሁሉም ሳቀ። ከድርም ሳቀ። ጋሽ ሰይድ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ሮቢት ስንደርስ ደግሞ ማሊያው ካራቆሬ አጣቢ ጋ ነው አሉ። ያኔ ልጆቹ ጭጭ አሉ። ያገራችን ልጅ እንዲህ ያለ ውሸት ምን እንደሆነ ያውቃል። ከድር ብቻ ነው ሲቀልድ የቀረው።

ካራቆሬ ሽማግሌዎቹ የከድር እናት ደጅ ላይ ቆመው ጠበቁን። በወጉ ተረዳ። ጓደኞቹ መሃል አለቀሰ፣ እናቱን በእጁ አፈር አለበሰ።

ዋንጫው በፎርፌ ሄደ። ኮሌጁ ጋሽ ሰይድን አባረራቸው። ምክንያት ሲባል፣ ማሊያ የረሳ አሰልጣኝ። እውነቱን አሳምረው እያወቁ። ቡድኑም በዚያው ፈረሰ። ከተማውም ተቀበለ፣ ባጃጁ ሁሉ ጋሽ ሰይድ ዛሬስ ምን ረሱ እያለ ሲስቅባቸው ከረመ። እኔ አፌን ልከፍት ስል ያዙኝ።

"ተይ አስካለ። ልጁ እናቱን ባሰበ ቁጥር ዋንጫ እንዳይመጣበት። በኔ ይሳቁ።"

ዛሬ ያ ሲስቅ የነበረ ሁሉ ሻማ ለጥፏል።

ሻማውን ካየሁ ጀምሮ ሳልጽፍ የቆየሁት ከድር መርዶውን እስኪረዳ ነው። ኮምቦልቻ ነው የሚሠራው። ፌስቡክ ሳይቀድመን ሰው ልከን፣ አጠገቡ ተቀምጠው ነገሩት። ሲያለቅስ ቆይቶ ደወለልኝና ጻፊው አለኝ፣ ስሜንም ጥሪው፣ ከእንግዲህ የኔ ሸክም ነው። ጻፍኩት።

ጋሽ ሰይድ፣ ያን ቀን ከቀብር ስንመለስ አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ነበር። አንዳችንም ደግ አደረጉ አላልንዎትም። ዋንጫው ቆጭቶን ነበር፣ ምን ልዋሽዎት። ከዚያ በኋላም ሱቄ በር ላይ በየቀኑ ሲያልፉ ሰላምታ ብቻ ተለዋወጥን። ይኸው ሳይሰሙት ሄዱ።

ደግ አድርገዋል ጋሼ። አላህ በጀነት ይቀበልዎት። ደግ አድርገዋል።